ስለ ቀይ ቀበሮ ለማስተማር ለምትፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በትምህርት ቤት ክበብ፣ በገበያ ቀን ወይም በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ቀይ ቀበሮ ማስተማር የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁንን እዚህ ሰብስበናል። አንዳንዱ ጥያቄ ከበጎ ፈቃደኞች ነው። አንዳንዱ ደግሞ በጎ ፈቃደኛው ደጋ ላይ ወጥቶ ከገበሬና ከእረኛ የሚቀርብለት ነው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እንበል። ቀይ ቀበሮን ለማዳን የምንሠራው ሥራ አብዛኛው ስለ ቀበሮ ሳይሆን ስለ ውሻ ነው። ለምን እንደሆነ ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ቀይ ቀበሮ የሚባለው የትኛው ነው? መንደር አካባቢ የምናየው ቀበሮ ነው?

አይደለም። ትምህርት ስትጀምሩ መጀመሪያ ማጥራት ያለባችሁም ይህንኑ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ውጭ የትም ዓለም ላይ የለም። ቁመናው ረዘም ያለ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል ነው። ጸጉሩ ቀላ ያለ ነው። ጉሮሮው፣ ደረቱና የሆዱ ሥር ነጭ ናቸው። ጅራቱ ከሥሩ ነጣ ብሎ ወደ ጫፉ ጥቁርና ጎፈሬ ይሆናል። ክብደቱ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ነው። ወንዱ ከሴቷ ይተልቃል።

መንደር ዳር፣ ከእርሻው አጠገብ፣ አንዳንዴም ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚታየው ሌላ ነው። እሱ ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለ ቀለም አለው። ቆላም ደጋም ይኖራል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ቁጥሩም ብዙ ነው። ሁለቱ በብዙ ቦታ በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ አንዱ ያጠፋውን በግ ሌላው ይከፍላል። ሁለት ትልልቅ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሁለቱን። ጎን ለጎን አድርጉና «በጋችሁን የወሰደው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ ሰዓት ንግግር ይህ ይበልጣል።

በዘር ቀይ ቀበሮ ከሌላው ዓለም ቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ነው። በባሌ የምታስተምሩ ከሆነ ሰዉ የሚያውቀው ጄዳላ ፈርዳ በሚለው ስም ነው። ትምህርቱም በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት። በአስተርጓሚ የሚሰጥ ትምህርት ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስንት ቀርቷል? የትስ ይገኛል?

በጠቅላላው ከ500 በታች አዋቂ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች አሉ። የቀሩት በአርሲ ተራሮች፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ ደግሞ እንደ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት ባሉ ከፍታዎች ተበትነው ይኖራሉ። የሚኖሩት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው።

«ተበትነው» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። በአንዱ ተራራ ያለው ቀበሮ ወደ ሌላው መሻገር አይችልም። መሃሉ እርሻ ነው፣ መንደር ነው፣ ከተማ ነው። አንድ ተራራ ላይ ያሉት ካለቁ ከሌላ መጥቶ የሚተካቸው የለም። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም። በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳም እንዲሁ ጠፍቷል። የሰሜን ሰዎችን ስታስተምሩ እነዚህን ሁለት ስሞች ጥሩ። ባሌ ብዙ አለ ብሎ መጽናናት ለጮቄ አልጠቀመውም።

በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ያለ ቀይ ቀበሮም የለም። በአዲስ አበባም፣ በአውሮፓም፣ በአሜሪካም የለም። ከዱር ከጠፋ ከየትም አናመጣውም።

ምን ይበላል?

አይጥ። በባሌ ከሚበላው ውስጥ ከመቶ ዘጠና አምስቱን የሚያህለው አይጥና አይጥ መሰል እንስሳ ነው። ከሁሉ የሚወደው በባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ነው። አንዱ ፍልፈል ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ለቀበሮ ጥሩ ምሳ ነው። ፍልፈሉ ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ውስጥ ነው። ለአጭር ጊዜ ወጣ ብሎ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ሣር ይለቅማል። ቀበሮው አድፍጦ፣ ሆዱን መሬት ላይ አስጠግቶ፣ ቀስ እያለ ይጠጋና ዘሎ ይይዘዋል። ካመለጠው ይቆፍራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚገረሙበት ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው፣ የሚያድነው ግን ብቻውን ነው። በፊልም የምናየው የሰሜን አሜሪካ ተኩላ ትልቅ እንስሳ ለመጣል አብሮ ያድናል። አይጥ ለመያዝ ግን አጋዥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ኮቴ ሲበዛ አይጡ ይሸሻል። ስለዚህ ቀኑን ሁሉም በየፊናው ይሰማራል። ጠዋትና ማታ ይገናኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ ይጯጯኻሉ፣ አብረው የድንበራቸውን ዙሪያ ይዞራሉ። አውራዋ ሴት በዓመት አንዴ ብቻ ትወልዳለች። የመንጋው አባላት ሁሉ ለቡችሎቹ ምግብ ያመጣሉ፣ ይጠብቋቸዋልም።

መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር ታይቷል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ እሱን ግን ዝም ይሉታል። እሱም የጭላዳ ግልገል አጠገቡ ቢሆን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በጭላዳዎቹ መሃል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ነው። በባሌ ደግሞ ከብቶችን እንደ መከለያ ተጠቅሞ ያደፍጣል። የባሌ እረኞች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ጠይቋቸው፤ እነሱ ይንገሯችሁ። እረኛው አስተማሪ የሆነበት ስብሰባ ሌላ ነው።

ገበሬው «በጌን በላብኝ» ቢለኝ ምን ልመልስ?

አትከራከሩ። መጀመሪያ አዳምጡ። መቼ ነው? ቀን ነው ማታ? በጉ ነው ጠቦቱ? እረኛ ነበረ? ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር? ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው መልስ ራሱ ሰውየው የተለመደው ቀበሮ ወይም ጅብ መሆኑን ይደርስበታል።

ግን «ቀይ ቀበሮ በግ አይነካም» ብላችሁ አትማሉ። ውሸት ይሆናል። በባሌ እምብዛም አይነካም። በሰሜኑ ደጋ ግን፣ እርሻው ተራራው ጫፍ ድረስ በወጣበት፣ አልፎ አልፎ ጠቦት ይወስዳል። አንድ ጠቦት የጠፋባትን እናት «አይጥ ነው የሚበላው» ብትሏት ሁለተኛ አትሰማችሁም። «አዎ፣ አንዳንዴ ያደርገዋል፤ ከጅቡ ጋር ሲነጻጸር ግን እንዴት ነው?» ብትሏት ወሬው ይቀጥላል። በአብዛኛው መፍትሔውም እሷው ዘንድ ነው፦ ጠቦቶቹን ከትልቅ ሰው ጋር ማሰማራት፣ ከመንጋው ወደኋላ የሚቀሩትን መጠበቅ፣ የሚወልዱትን በጎች ቤት አጠገብ ማዋል።

ልጆችና አዛውንቶች «ቀበሮ ባሕታዊ በበግ መካከል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ሊስቁባችሁ ይችላሉ። አብራችሁ ሳቁ። ተረቱ ስለ ግብዝ ሰው ነው፣ ለቀበሮው ጥላቻ ከዚያ አልመጣም። በእውነቱ ከሆነ የደጋው ሰው ቀይ ቀበሮን አይጠላም። ብዙውን ጊዜ ግድም የለውም። የእኛ ሥራ ጥላቻን መንቀል አይደለም። ግድ እንዲለው ማድረግ ነው።

ታዲያ የሚያጠፋው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር፦ እርሻና በሽታ።

እርሻውን እናውቀዋለን። በአገሪቱ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ የሚሆነው ታርሷል። ገብስ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ይወጣል። ቀበሮውም ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ይሸሻል። ተራራው ጫፍ ካለው፣ ሽሽቱም ጫፍ አለው።

በሽታው ግን በአንድ ወቅት መንጋውን ጠራርጎ ይወስዳል። ዋናው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሌላው ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከመንደር ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በባሌ ወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት በወራት ውስጥ አለቁ። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ እልቂት ነበር። ከዚያም በኋላ በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጣ። ዲስተምፐር ደግሞ በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ተነሣ።

እንዴት ይደርሳል? የባሌ አርብቶ አደሮች ጎዳንቱ በሚሉት ልማድ በወቅቱ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ከፍታው ይወጣሉ። ውሻው አብሮ ይወጣል። ብዙው ውሻ አይታሰርም፣ በደንብ አይመገብም። ስለዚህ አይጥ ፍለጋ፣ ጥምብ ፍለጋ ይንከራተታል። ከቀበሮ ጋር ይጣላል፣ ይናከሳል። ቀበሮዎቹ ደግሞ እንዳልነው ጠዋትና ማታ ተገናኝተው የሚላላሱ ናቸው። አንዱ ከታመመ መንጋው ይታመማል። የሚያዋድዳቸው ልማድ ያን ጊዜ መጥፊያቸው ይሆናል።

ሌላም ጉዳት አለ። ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ድቅል መውለዱ በወብ ሸለቆ ታይቷል። በቁጥር አነስተኛ ለሆነ ዘር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሰዎችን «ውሻ አታሳድጉ» እንበላቸው?

በፍጹም። ደጋ ላይ ያለ ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ አለ፣ ነብር አለ፣ ሌባ አለ። ይህን የሚል በጎ ፈቃደኛ ከዚያ መንደር ሁለተኛ መግባት የለበትም።

የምንለው ሦስት ነገር ነው። ውሻችሁን አስከትቡ። ማታ ይጠብቅ፣ ቀን ግን እሰሩት ወይም ግቢ ይዋል። የሚበቃችሁን ያህል ብቻ አሳድጉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ቤቱ የሚበላ ውሻ ተራራ ለተራራ አይዞርም።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ይበልጣል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መዛመት ያቅተዋል። ይህን ቁጥር በገበያ ላይ ስታስረዱ በመቶኛ አትናገሩ። «ከአሥር ውሻ ሰባቱ» በሉ። ከዚያም የመንደሩን ሰው ራሱን አስቆጥሩት፦ ስንት ቤት? በየቤቱ ስንት ውሻ? ስንቱ ተከትቧል? ቁጥሩ የራሳቸው ሲሆን ክርክር አይኖርም።

ክትባቱን የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ናቸው። በባሌ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፓርኩ ዙሪያ ውሾችን ይከትባል፤ በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ። የእናንተ ድርሻ ከክትባቱ በፊት ያለው ሳምንት ነው። ቀኑን ማሳወቅ፣ ውሻው እንዴት ታስሮ እንደሚመጣ ማሳየት፣ «ክትባት የተሰጠው ውሻ ሰነፍ ይሆናል፣ አይጮህም» ለሚለው ወሬ መልስ መስጠት። ይህ ወሬ በየቦታው አለ። መልሱ ቀላል ነው፦ ባለፈው ዓመት ያስከተበ ሰው ፈልጉና እሱ ይናገር።

ቀበሮውን ራሱን መከተብ አይቻልም?

ይቻላል፣ እየተደረገም ነው። ድሮ በወረርሽኝ ጊዜ ቀበሮው ተይዞ በመርፌ ይከተብ ነበር። ከባድ ነው፤ ለእንስሳውም ለሰውም። ለዓመታት ከተሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በባሌ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተጀመረ። ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ሆኖ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። ባለሙያዎቹ በፈረስ ሆነው ሌሊት መንጋው ባለበት ይጥሉታል። ቀበሮው ሲያኝከው ይከተባል።

«ይሄ ካለ ውሻውን ለምን?» የሚል ይመጣል። ምክንያቱም የበሽታው ምንጭ ውሻው ነው። ምንጩን ትቶ ወንዙን ማጽዳት አያዛልቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚነከሰው ሕፃን አለ።

ሰው በውሻ ከተነከሰ ምን እንበል?

ይህን የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ ባያስተምር ይሻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድና ክትባቱን መጀመር፣ የተባለውን ቀጠሮ ሁሉ መጨረስ። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል። ሰውየው ጠበል ልሂድ ቢላችሁ ወይም ባህል ሐኪም ዘንድ ቢያስብ እምነቱን አትንኩ። «ሂድ፣ ግን አስቀድመህ ክትባቱን ጀምር» በሉት። ጠበልም ክትባትም አብረው ይሄዳሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ስለ ክትባት ስንናገር ለቀበሮ ብለን አይደለም የምንጀምረው። ለልጆቻችሁ ብለን ነው። ይህ ማስመሰያ አይደለም፤ እውነት ነው። ያው አንዱ ክትባት ልጁንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም ይጠብቃል።

ባዮሎጂ አልተማርኩም። ማስተማር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ጥሩ አስተማሪ ሆነው ያየናቸው ብዙዎቹ ባለ ዲግሪ አይደሉም። እረኛ የነበረ ወጣት፣ የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ የመድረሳ መምህር ናቸው። ሰዉ የሚያምነው የሚያውቀውን ሰው ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር በትክክል ማወቅ፣ የማታውቁትን ስትጠየቁ ደግሞ «ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ማለትና በእርግጥ ተመልሶ መንገር ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ብዙ ሰው ተመልሶ አይመጣም። የተመለሰ ሰው ቃሉ ይሰማል።

ፓርክ ካለበት አካባቢ ከሆናችሁ ከመጀመራችሁ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ። ስካውቶቹ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ የትኛው መንደር ቅሬታ እንዳለው ያውቃሉ። የቀበሌውን ሊቀመንበርና የሃይማኖት አባቶችን ሳታናግሩ ሰው አትሰብስቡ።

ልጆችን በምን እንያዛቸው?

በጨዋታ። ንግግር ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። አንድ ልጅ ቀበሮ ይሁን፣ ሌሎቹ ፍልፈል። ፍልፈሎቹ ክብ ውስጥ ሲገቡ ጉድጓድ ገቡ ማለት ነው። ከዚያ «እርሻ መጣ» ብላችሁ የሜዳውን ግማሽ በገመድ ዝጉ። ቀበሮዎቹን ደግሞ ሁለት፣ ሦስት አድርጉ። ቀጥሎ አንድ «ያበደ ውሻ» አስገቡ፤ የነካው ሁሉ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ የነካውም ይቀመጣል። በስንት ደቂቃ ሁሉም እንደሚቀመጥ ያያሉ። እንደገና ስትጫወቱ ግማሾቹን ክንዳቸው ላይ ጨርቅ እሰሩላቸው፤ «ተከትበዋል»፣ ቢነኩም አይቀመጡም። ልዩነቱን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ልጆቹ ማታ ቤት ሄደው «አባዬ፣ ውሻችን ተከትቧል?» ብለው የሚጠይቁት ከዚህ በኋላ ነው።

ልጆችን ቀበሮ ፍለጋ ይዛችሁ አትውጡ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ። ቡችሎች የሚወለዱበትና የሚያድጉበት ወቅት ነው። ሰው ሲበዛባት እናት ቡችሎቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች። በዚያ ብርድ መዛወር ቀላል አይደለም።

«መሬት የለኝም፣ ልጆቼን ምን ላብላ?» ቢለኝስ?

ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም፣ እንደሚመለስም አታስመስሉ። ድሃ ገበሬን ለቀበሮ ብለህ ረሃብህን ቻል ማለት አይቻልም።

ግን የመንዝን ነገር ንገሩት። የጓሳ ሜዳ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ከፍታ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። አስቦና ጌራ የሚባሉ የአባቶች ርስት ባለቤቶች በየወገናቸው አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈታል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ ለከብት መጠጊያ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ። ሕዝቡ ግን እንደገና ተሰብስቦ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ።

የጓሳ ሰዎች የጠበቁት ቀበሮውን ብለው አይደለም። ሣራቸውን ነው። ቀበሮው በሣሩ ውስጥ ተረፈ። እኔ ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላውቅም። ገበሬው ቀበሮውን እንዲወድ አትለምኑት። የግጦሹ መሬት እንዳያልቅ፣ ምንጩ እንዳይደርቅ እሱ ራሱ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠይቁት። ከባሌ ከፍታ እንደ ገናሌና ወይብ ያሉ ወንዞች ይነሣሉ፤ ሶማሊያ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣሉ። ያ ሣርና ረግረግ ከተነካ የሚጎዳው ቀበሮው ብቻ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቀበሮ አይጥ ስለሚበላ የገብስ ማሳህን ይጠብቅልሃል» አትበሉ። ደስ የሚል አባባል ነው። ግን ቀበሮው በብዛት የሚያድነው ከእርሻው በላይ ባለው ሜዳ ነው። ዘንድሮ አይጥ ገብሱን ከበላበት ሰውየው ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ አያምናችሁም።

ቀይ ቀበሮ አበባ ይልሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በባሌ ቀበሮዎች ከአንድ ረጅም፣ ቀይና ቢጫ አበባ ላይ የአበባ ማር ሲልሱ አሳይቷል። አፋቸው በብናኝ ይሸፈናል። ምናልባት ከአበባ ወደ አበባ ብናኝ እያደረሱ ይሆናል፤ ያ ገና አልተረጋገጠም። ሥጋ በል ትልቅ እንስሳ ይህን ሲያደርግ ማየት በጣም ብርቅ ነው። ለልጆች ንገሩ፤ የባሌ ልጆች ያንኑ አበባ ራሳቸው ይመጥጡታልና ወዲያው ይገባቸዋል።

ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከጎባ ተነሥታችሁ ሳነቴ አምባ ላይ ስትወጡ፣ በ4,000 ሜትር ገደማ፣ ጠዋት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከመኪና ሳትወርዱ ታዩታላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ያውቃል። ምግብ አትወርውሩ። ሙዚቃ ዝጉ።

የቆሰለ ወይም የሞተ ብናገኝስ?

አትንኩት፣ አትጠጉት። ቦታውን አስታውሱና ለፓርኩ ስካውት ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ሬሳው ራሱ መረጃ ነው፤ ወረርሽኝ ቀድሞ የሚታወቀው ከእሱ በሚወሰድ ናሙና ነው። ቀይ ቀበሮ መግደል በሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። ሕጉን ግን ማስፈራሪያ አታድርጉት። የፈራ ሰው ሬሳውን ይቀብራል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀበሮ ተገኝቶ ነበር። ባለሙያዎች አንሥተው አከሙት። ከ50 ቀን ያህል በኋላ ድኖ ወደ ተራራው ተለቀቀ። ስሙን ተረፈ አሉት። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ስትናገሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ምን ልርዳ?

ገንዘብ ከመላክ በፊት አንድ ነገር አስቡ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለልጆች የሚሆን ጥሩ ጽሑፍና ሥዕል በጣም ያንሳል። ሠዓሊ፣ መምህር፣ ቪዲዮ አቀናባሪ ከሆናችሁ ሥራችሁ እዚያ ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችሁም ቢሆኑ ስለ አንበሳ ብቻ ሰምተው እንዳያድጉ። ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ ደግሞ ለውሻ ክትባት ስጡ። ቲሸርትና ባነር ይቆይ።

ትምህርታችን እንደሠራ በምን እናውቃለን?

በተሰብሳቢ ብዛት አይደለም። በጭብጨባም አይደለም። በሚቀጥለው የክትባት ቀን ከመንደሩ ስንት ውሻ መጣ? ቁጠሩና መዝግቡ። ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩ። ማን እንዳመጣውም ጻፉ። ብዙ ጊዜ ገመዱን ይዞ የሚመጣው ልጅ ነው። ያላመጡትን ደግሞ ቤታቸው ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቋቸው። ቀኑ ገበያ ስለሆነ ነው? ውሻው ስለሚናከስ ማሰር ስላቃታቸው ነው? ቦታው ስለራቀ? መልሱን ለእንስሳት ጤና ባለሙያው አድርሱ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ በዚያው ይስተካከላል።